ግድቡ ሞልቶ ምጣዱ ለምን አልግል ይላል?
«የጭነት ሰዓት ሰበብ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ «የጭነት ሰዓት» የሚባለው ነገር፣ ማለትም ብዙ ቤት በአንድ ጊዜ ኃይል የሚስብበት የምሽት ሰዓት፣ ሰበብ ነው ይላል። ሐሳቡን ሳላጣምም ላቅርበው። ጸሐፊው እንደሚሉት ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቆ ኃይል እየሰጠ ባለበት ጊዜ ቤተሰብን «በምሽት ምጣድ አትሰኩ» ብሎ መለመን ትርጉም የለውም። የአንድ ቤት ፍጆታ ከፋብሪካና ከቢትኮይን ማሽን ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ምጣድ ጠዋትም ተሰካ ማታ የሚበላው ያው ስለሆነ ሰዓት መቀየር ምንም አያተርፍም። ለኬንያ የሚሸጠው ኃይል ቢቆም የምሽቱ መቆራረጥ ያበቃል። በሰዓት የሚለያይ ዋጋ ድሃን ይቀጣል። በርቀት የሚታዘዝ ቆጣሪ ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ማድ ቤት ድረስ ማስገባት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ማንም ሰው መቼ ማብሰል እንዳለበት አይነገረውም። መፍትሔውም አንድ ብቻ ነው፦ ትራንስፎርመሩን መቀየር።

ጽሑፉ የብዙ ሰው ብሶት ስለያዘ ተነቧል፤ ብሶቱም እውነተኛ ነው። ከነጥቦቹ ሁለቱን ከሞላ ጎደል እቀበላለሁ። መሠረቱ ግን የተሳሳተ ስለሆነ፣ አንባቢው አምኖ ቢከተለው የሚጎዳው የራሱን ሰፈር ነው።

ከግድቡ እንጀምር

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ግድብ 13 ተርባይኖች አሉት። 11ዱ እያንዳንዳቸው 400፣ ሁለቱ ደግሞ 375 ሜጋዋት ናቸው፤ ድምሩ 5,150 ሜጋዋት ይመጣል። ጽሑፉ ይህን ቁጥር በ24 ሰዓት አባዝቶ የአገር ትርፍ ያደርገዋል። ይህ ስሌት አይሠራም። ግድቡ በዓመት እንዲያመነጭ የታቀደው 15,760 ጊጋዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በዓመቱ 8,760 ሰዓታት ሲካፈል አማካዩ 1,800 ሜጋዋት ገደማ ይሆናል። ሁሉንም ተርባይን ቀንና ሌሊት፣ ክረምት ከበጋ ለማዞር የሚበቃ ውኃ የለም።

ይህ እርማት ግን የጸሐፊውን ክርክር አያፈርስም፤ እንዲያውም ያግዘዋል። ቀን ውኃውን ይዞ ምሽት ላይ ብዙ ተርባይን ማስነሳት የሚችል ግድብ ለምሽት ፍላጎት እጅግ የተመቸ ነው። ስለዚህ የምሽቱ ችግር ጉባ ላይ ነው ብዬ አልከራከርም።

ክርክሬ ከግድቡ በታች ስላለው መንገድ ነው። ኃይሉ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ደዴሳና ሆለታ ይመጣል። በማከፋፈያ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ ወርዶ በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት ወደ ሰፈር ይገባል። መጨረሻ ላይ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር 380/220 ቮልት አድርጎ ለቤት ይሰጣል። የሚያመነጨውና በከፍተኛ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ለቤት የሚያከፋፍለውና ሒሳብ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ጽሑፉ ሁለቱን በአንድ «መብራት ኃይል» ስም ስለጠቀለላቸው፣ የአንዱን ትርፍ ለሌላው እጥረት መልስ አድርጎ ያቀርባል። ጉባ ላይ የተረፈ ሜጋዋት ሰፈር ያለውን 200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር 201 አያደርገውም፤ ኬቪኤ የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው፣ ለምጣድ ጭነት ከኪሎዋት ጋር እኩል አድርጎ ማሰብ ይቻላል።

«ምጣድ ማታም ቀንም የሚበላው ያው ነው»

የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ። ጸሐፊው የሚቆጥሩት ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ቆጣሪውም የሚቆጥረው እሱን ነው። ትራንስፎርመርን የሚያቃጥለው ግን በአንድ ቅጽበት የሚሳበው ኪሎዋት ነው።

በቁጥር እንየው። ተራ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፒር ማለት ነው። 180 ቤቶች በአንድ 200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ላይ አሉ እንበል። እያንዳንዱ ቤት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ሰዓት ይጋግራል። ስለዚህ በቀን 60 ቤቶች ምጣድ ይሰካሉ። እነዚህ 60 ቤቶች በ12 ሰዓት ውስጥ ተበታትነው ቢጋግሩ፣ በማንኛውም ደቂቃ የሚሠሩት ምጣዶች 10 ናቸው፤ 35 ኪሎዋት። 60ዎቹም ከሥራ መልስ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ቢጋግሩ ግን 210 ኪሎዋት ይሆናል። በዚያ ላይ መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና ትንሽ ስቶቭ አለ፤ ለአንድ ቤት 0.4 ኪሎዋት ብቻ ብንይዝ 72 ኪሎዋት ይጨምራል። የመጀመሪያው ምሽት ድምር 107 ኪሎዋት ነው። የሁለተኛው 282 ኪሎዋት ነው። እንጀራው እኩል፣ ኪሎዋት ሰዓቱ እኩል፣ የወሩ ሒሳብ እኩል ነው፤ ትራንስፎርመሩ ግን በሁለተኛው ምሽት ከአቅሙ 40 በመቶ በላይ ተጭኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ሁሉም ሰው ምሽቱን መተው የለበትም። ከ60ዎቹ 30ዎቹ ብቻ ወደ ሌላ ሰዓት ቢዞሩ የምሽቱ ድምር 177 ኪሎዋት ይሆናል፤ ከአቅም በታች። ማሳሰቢያው «ማንም አይጋግር» ተብሎ ስለሚነበብ ብዙ ሰው «እኔ ብተው ሌላው ይጋግራል» ብሎ ይተወዋል። የሚፈለገው ግን ግማሽ ያህል ሰው ነው።

«ያው ነው» የሚለው ለኪሎዋት ሰዓትም ቢሆን ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። በሽቦና በትራንስፎርመር ውስጥ በሙቀት መልክ የሚባክነው በአምፒሩ ካሬ ልክ ይጨምራል። 60 ምጣድ በሁለት ሰዓት ሲጋገርና ያው 60 ምጣድ በ12 ሰዓት ሲበተን፣ የምጣዶቹ ጭነት በዝቅተኛው መስመር ላይ የሚያስከትለው ብክነት የመጀመሪያው የሁለተኛውን 6 እጥፍ ነው። ይህ ብክነት በማንም ቤት ቆጣሪ ላይ አይታይም፤ ወጪው ግን በመጨረሻ ታሪፍ ውስጥ ገብቶ ሁላችንም እንከፍለዋለን።

ለትራንስፎርመሩ ራሱ ደግሞ ጉዳዩ የዕድሜ ነው። በውስጡ በተጠመጠመው ሽቦ (በጠመዝማዛው) ዙሪያ ያለው ወረቀት ለመደበኛ ዕድሜው የሚታሰበው የሙቀት ወሰን በጣም በሚሞቀው ነጥብ ላይ 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ በላይ በየ6 ዲግሪው የእርጅናው ፍጥነት በእጥፍ ያድጋል። 1.4 ጊዜ ሲጫን በጠመዝማዛው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ 2 እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ ነው ትራንስፎርመር ከመጠን በላይ በተጫነበት ምሽት ሳይሆን ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ጭነት በሌለበት ቀን የሚቃጠለው። ሰፈሩ «ምንም ሳንጠቀም ፈነዳ» ይላል፤ የተበላው ግን ባለፉት የበዓል ዋዜማዎች ነው።

ጎረቤት አለው፣ እኛ የለንም

ጽሑፉ ለተንኮል ማስረጃ አድርጎ የሚያነሳው ነገር አለ፦ አንድ መንገድ ላይ ካሉ ቤቶች ገሚሱ መብራት ይኖራቸዋል፣ ገሚሱ ይጨልማል፤ ስለዚህ አንድ ሰው እየመረጠ ያጠፋል። ትክክለኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ፌዝ የሚባለው ኃይል ተሸካሚ ሽቦ ነው። ትራንስፎርመሩ በሦስት ፌዝ ይሰጣል፣ አብዛኛው ቤት ግን በአንዱ ላይ ብቻ ነው የተቀጠለው። በ200 ኬቪኤ ላይ አንዱ ፌዝ በመደበኛ አቅሙ የሚሸከመው 300 አምፒር ያህል ነው። ቤቶቹ ሲቀጠሉ ሚዛን ካልተጠበቀና ከ60 ምጣዶች 30ው በአንድ ፌዝ ላይ ከዋሉ፣ እነሱ ብቻ 480 አምፒር ይስባሉ። የዚያ ፌዝ ፊውዝ ይበጠሳል፤ ሁለቱ ግን መስጠታቸውን ይቀጥላሉ። ማንም አልመረጠም።

በዚህ ግን አገልግሎቱን ነጻ ማውጣት አልፈልግም። ሚዛኑን ማስተካከል የቤተሰብ ሥራ አይደለም። ቴክኒሻን በጭነት ሰዓት ሽቦውን አቅፎ አምፒር በሚለካ መሣሪያ (በክላምፕ ሜትር) ሦስቱን ፌዝ ለክቶ፣ ከበዛበት ወደ ጎደለበት ጥቂት ቤቶችን ቢያዞር አዲስ ትራንስፎርመር ሳይገዛ ብዙ ሰፈር ይተነፍሳል። ቀን ተለክቶ «እኩል ነው» ማለት ግን አይጠቅምም፤ ምጣዱ የሚሰካው ማታ ነው።

ሚዛን ማጣት ሌላም መዘዝ አለው። ፌዞቹ እኩል ሲጫኑ በኒውትራል ሽቦ ላይ የሚመለሰው አምፒር ትንሽ ነው። ሲዛቡ ይበዛል፣ የላላ ማያያዣ ይግላል፣ መጨረሻ ላይ ይበጠሳል። ኒውትራል የተበጠሰ ቀን ጭነት ያነሰበት ፌዝ ቮልቴጅ ከ220 አልፎ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። የሰፈር ፍሪጅና ቴሌቪዥን በአንድ ምሽት የሚቃጠለው በአብዛኛው እንዲህ ነው። አምፖሎች ድንገት ከወትሮው በላይ ደምቀው ካበሩ ዋናውን ብሬከር ወዲያው ማውረድ ነው፤ እስኪጣራ መጠበቅ አያስፈልግም።

ምጣዱ የማይግልበት ምክንያት

ጸሐፊው ቮልቴጅ ሲወርድ አገልግሎቱ «ኃይል እየቆጠበ» ነው ይላሉ። በምጣድ ሰፈር ግን ቮልቴጅ መውረድ ቁጠባ አይደለም። ከትራንስፎርመሩ 300 ሜትር የራቀ ቤት በ50 ካሬ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ሽቦ ቢደርሰው፣ የአንዱ ሽቦ ተቃውሞ 0.19 ኦም ያህል ነው። 100 አምፒር ሲያልፍበት 19 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ሚዛን ተዛብቶ ኒውትራሉም ያንኑ ያህል ከተሸከመ 38 ይደርሳል። 220 የወጣው 182 ሆኖ ይገባል። የምጣድ ሬዚስታንስ የሚሰጠው ሙቀት በቮልቴጁ ካሬ ስለሚወሰን 3.5 ኪሎዋቱ ወደ 2.4 ይወርዳል።

ከዚያ የሚሆነውን እንጀራ የሚጋግር ሁሉ ያውቀዋል። ምጣዱ ይዘገያል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሁለት ሰዓት ያልቅ የነበረው ሊጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ምጣዱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ አየር የሚለቀው ሙቀት አለና አንዱን ሊጥ ለመጨረስ የሚወጣው ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይባስ ብሎ 3 ሰዓት ላይ መውጣት የነበረባቸው ምጣዶች እስከ 4 ሰዓት ስለሚቆዩ ዘግይተው ከሚሰኩት ጋር ይደራረባሉ። ፍሪጅ ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ሞተሩ በዝቅተኛ ቮልቴጅ መነሳት ሲያቅተው ብዙ አምፒር እየሳበ ይግላል። በሌሎች አገሮች ቮልቴጅን በጥቂት በመቶ ዝቅ አድርጎ ጭነት መቀነስ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ከመነሻው ጤናማ ቮልቴጅ ላለው መስመር ነው። መስመር ዳር 182 ለሚደርሰው ቤት ከዚያ በታች መውረድ እንጀራውን ማበላሸት ነው።

ፋብሪካው፣ ቢትኮይኑና ኬንያ

ትልልቅ ፋብሪካዎችና የዳታ ማይኒንግ (የቢትኮይን) ድርጅቶች በራሳቸው መስመርና በራሳቸው ትራንስፎርመር ነው የሚቀጠሉት። ማይነሮቹ ከነጭራሹ ከከፍተኛ ቮልቴጅ ነው የሚወስዱት። እነሱ ቢጠፉ ሰፈር ያለው ትራንስፎርመር ላይ ያለው 282 ኪሎዋት አንድ ዋት አይቀንስም። ፋብሪካው ከሰፈሩ ጋር አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ወይም ከጣቢያው የሚወጣ አንድ መስመር ሲጋራ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔ የጸሐፊው ነጥብ ልክ ነው። በበዓል ዋዜማ ከፍተኛ ኃይል ተጠቃሚ ፋብሪካዎች ሥራ እንዲያቆሙ የሚጠየቁትም ለዚህ ነው። ጽሑፉ ሸክሙ በቤተሰብ ላይ ብቻ እንደተጣለ አድርጎ ሲያቀርብ ይህንን ሳይጠቅስ ማለፉ ተገቢ አልነበረም።

ስለ ማይኒንግ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ማሽኖቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጠፉና ሊበሩ ይችላሉ፣ የሚበላሽ ሊጥም የቀዘቀዘ ብረትም የላቸውም። ቴክሳስ ውስጥ ማይነሮች በከባድ ሙቀት ቀናት ኃይል ይለቃሉ። እዚህም የማንኛውም ማይነር ውል በምሽት ሰዓት ያለ ክርክር የሚቀነስ መሆን አለበት። ያ ግን የሚጠቅመው የማመንጫውንና የከፍተኛ መስመሩን ጭነት ነው።

ኬንያን በተመለከተ፣ ከወላይታ ሶዶ ወደ ሱስዋ የሚሄደው 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር እስከ 2,000 ሜጋዋት እንዲሸከም የተሠራ ነው፤ በ2015 ዓ.ም ሽያጩ የተጀመረው በ200 ሜጋዋት ነበር። ሽያጭ ማቆም ፈረቃን እንደማያስቀር የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። ግንቦት 2011 ዓ.ም የግልገል ጊቤ 3 ውኃ ወርዶ 476 ሜጋዋት ሲጎድል ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ የሚላከው ቆሞ ነበር፤ ፈረቃው ግን ቀጠለ። ያኔ የጎደለው የምር የማመንጫ ኃይል ነበር፣ መፍትሔውም አገር አቀፍ ፈረቃ ሆነ። አሁን በየሰፈሩ የምናየው የምሽት መበጠስ ከዚያ የተለየ በሽታ ነው፤ በአንድ ስም ስለተጠሩ ብቻ አንድ መድኃኒት አይበቃቸውም። ሽያጩ በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ደግሞ ጸሐፊው ለሚጠይቁት ትራንስፎርመር መግዣ ይሆናል።

ዋጋ በሰዓት፦ የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ

በምሽት ዋጋ ማስወደድ ድሃን ይቀጣል የሚለው ክርክር ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ነው። የቀን ሠራተኛ 12 ሰዓት ላይ ቤቷ ትገባለች፤ ሌላ ሰዓት የላትም። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ትጋግር ማለት የመስመሩን ሸክም ወደ እንቅልፏ ማዞር ነው። የጭነት ሰዓት ምክር በተግባር የሚያርፈው በሴቶች ላይ ስለሆነ፣ ይህን ሳይናገር ምክር የሚሰጥ ሁሉ ያጎደለው ነገር አለ።

ግን ጸሐፊው ሁለት ነገር ዘለዋል። አሁን ያለው ታሪፍም ገለልተኛ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ዋጋ በወር ፍጆታ እርከን የሚወጣ ነው፦ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት እያለ። አንድ ምጣድ በወር 10 ጊዜ፣ በየጊዜው 7 ኪሎዋት ሰዓት ከበላ 70 ይሆናል፤ የመጀመሪያውን እርከን ብቻውን ያልፋል። በአንድ ግቢ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ደግሞ ሁሉም በሀብታም ቤት እርከን ይከፍላሉ። ይህ ታሪፍ ድሃን የሚቀጣው ሰዓቱን ሳያይ ነው፤ ቀን ለጋገረ ምንም ምስጋና የለውም።

ሁለተኛው፣ ሰዓትን በዋጋ ማሳየት ቅጣት ብቻ መሆን የለበትም። ፈረንሳይ ውስጥ ቴምፖ በሚባለው ታሪፍ ዓመቱ በቀለም ይከፈላል፦ 22 ቀይ፣ 43 ነጭ፣ የቀረው ሰማያዊ ቀን ነው። ቀዩ እጅግ ውድ ነው፣ የቀኑ ቀለም ግን ከዋዜማው ይነገራል፣ በሰማያዊው ቀን የሚከፈለውም ርካሽ ነው። የሚገባበትም ፈልጎ የመረጠ ብቻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ፔፕኮ የተባለው የኤሌክትሪክ ድርጅት ለዓመታት የሠራበት ዘዴ ደግሞ ቅጣት ጨርሶ የሌለው ነው፦ በተነገረ የሙቀት ቀን ከወትሮህ በታች ለቆጠብከው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 1.25 ዶላር ከሒሳብህ ይቀነሳል፤ ካልቆጠብክ ምንም አትጨምርም። ለእኛ የሚመቸው ይህኛው ይመስለኛል። የመጀመሪያውን እርከን ሳይነኩ፣ ቀን ለሚጋገር ቅናሽ መስጠት። መጀመር ያለበትም ከቤተሰብ ሳይሆን አራትና አምስት ምጣድ ከሚያሠሩ እንጀራ ሻጮች ነው፤ አራት ምጣድ 14 ኪሎዋት ነው፣ የሥራ ሰዓታቸውንም ከተቀጣሪ በተሻለ ይመርጣሉ።

«አሜሪካ ውስጥ ማንም አይነገረውም»

ይነገረዋል። ጳጉሜን 1 ቀን 2014 ዓ.ም ካሊፎርኒያ ውስጥ የኃይል ፍላጎቱ 52,061 ሜጋዋት ደርሶ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ የክፍለ ግዛቱ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት በሚሊዮኖች ስልክ ላይ ኃይል እንዲቀንሱ መልእክት ላከ። ፍላጎቱ በደቂቃዎች ውስጥ ከ1,000 ሜጋዋት በላይ ወረደ፣ ፈረቃም ሳያስፈልግ ምሽቱ አለፈ። ሰዎቹ ሰዓት ነው የቀየሩት። ከዚያ ምሽት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ ቴክሳስ ውስጥ ብርድ ማመንጫዎችን ሲያቆም የታየው ሌላው መንገድ ነው፦ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር (ፍሪኩዌንሲው) ከ60 ኸርዝ ወደ 59.3 ወርዶ፣ መላው መረብ ሊወድቅ 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ሲቀረው ሰፈሮች በግድ ተቆረጡ። በፈቃድ ያልቀነሰ ጭነት በግድ ይቀነሳል፤ ማን ይቆረጥ የሚለውን ያኔ ቤተሰቡ አይመርጥም።

በርቀት ስለሚታዘዝ መሣሪያ የጸሐፊው ሥጋት ባዶ አይደለም። ነሐሴ 2014 ዓ.ም ኮሎራዶ ውስጥ 22,000 ያህል ደንበኞች የቤታቸውን ቴርሞስታት ዝቅ ማድረግ ተከለከሉ። ያ የሆነው ፈርመው በገቡበት ፕሮግራም ነው፤ ሲገቡ 100 ዶላር፣ ከዚያም በየዓመቱ 25 ዶላር ይከፈላቸው ነበር። ብዙዎቹ ግን ይህ ሊሆን እንደሚችል አላስተዋሉም፤ ይህ የድርጅቱ ድክመት ነው፣ ማሳወቅ ግዴታ መሆኑንም ያሳያል።

ለእኛ የሚጠቅመው ምሳሌ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ድርጅት ኤስኮም በ2015 ዓ.ም በጆሃንስበርግ ፎርዌይስ አካባቢ በዘመናዊ ቆጣሪ የሞከረው፣ ሰፈሩን በፈረቃ ሙሉ በሙሉ ከማጨለም ይልቅ እያንዳንዱን ቤት በ10 አምፒር መወሰን ነበር። 10 አምፒር በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ነው። መብራት፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ የስልክ ቻርጅ፣ የልጆች ጥናት፣ ሁሉም በዚያ ውስጥ ይገባል። 16 አምፒር የሚስበው ምጣድ ብቻ አይገባም። ሁለት ሰዓት ያለ ምጣድ ከማሳለፍና ሁለት ሰዓት በጨለማ ከመቀመጥ አንዱን ምረጡ ቢባል፣ ብዙ ቤተሰብ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አይከብድም። በቅድሚያ ማስታወቂያ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ኦክስጅን ወይም ሌላ የሕክምና መሣሪያ ያለበትን ቤት ሳይነካ ከተደረገ ማድ ቤት መግባት ሳይሆን ሳሎኑን ከጨለማ ማዳን ነው።

ትራንስፎርመሩ ይቀየር?

አንዳንዱ ይቀየር፤ ሁሉም ግን አይደለም። 200ውን አውርዶ 315 መስቀል ሽቦው ያው 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ መስመር ዳር ያለውን 182 ቮልት ብዙም አያነሳውም። ሽቦው ተቀይሮ የ15 ኪሎ ቮልቱ መስመር ከሞላ ችግሩ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያም ወደ ማከፋፈያ ጣቢያው። በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ለሚያስፈልግ አቅም ይህን ሁሉ መግዛት፣ ገና ምንም መስመር ያልደረሰውን ወረዳ ማስጠበቅ ነው።

ሰፈራችሁ የትኛው እንደሆነ በአንድ ተራ መልቲሜትር መለየት ይቻላል። በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይና ምሽት 2 ሰዓት ላይ ከሶኬት ቮልቴጁን ለኩ፤ ለአንድ ሳምንት ጻፉት። ሶኬት ሲለካ የሜትሩ ቁልፍ በተለዋዋጭ ቮልት መስመር ላይ መሆኑን አረጋግጡ፣ ጫፎቹን በጣት አትንኩ። እኩለ ቀን ላይም ከ198 በታች ከሆነ፣ ማለትም ከ220 በ10 በመቶ ከወረደ፣ የጭነት ሰዓት ምክር አይፈውሰውም፤ የተጻፈውን ይዞ በጎረቤት ፊርማ የመስመር ማሻሻያ መጠየቅ ነው፣ ጸሐፊውም እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ቀን 215፣ ማታ 185 ከሆነ ግን ትራንስፎርመሩ የሚጠብቀው ምጣዶቹ እንዲበተኑ ነው። ጎረቤታችሁ 220 እያለው እናንተ 180 ካላችሁ ደግሞ የፌዝ ሚዛን ይለካልን በሉ።

አንድ ነገር ጽሑፉ ጨርሶ አላነሳውም፤ ለብዙ ሰፈር ግን ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ተመልሶ የሚጠፋው በአብዛኛው ሁሉም ነገር በአንድ ቅጽበት ስለሚነሳ ነው። የቀዘቀዙ ምጣዶች ሁሉ እንደተሰኩ ናቸው፣ ሞቀው የቆዩ ፍሪጆች ሁሉ አንድ ላይ ይነሳሉ፤ ተበታትኖ የነበረው ጭነት ተደራርቦ ይመጣል፣ አዲስ የተተካው ፊውዝም ይበጠሳል። መብራት እንደሄደ የምጣዱን ሶኬት ንቀሉ ወይም ብሬከሩን አውርዱ፣ ፍሪጁንም እንዲሁ። አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይቆይ። ሲመለስ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ መጀመሪያ ፍሪጁን፣ ቮልቴጁ ከ200 በላይ መሆኑን ካያችሁ በኋላ ምጣዱን ሰኩ። ሊጡ በ15 ደቂቃ አይኮመጥጥም።